የደቻቱ አሸዋ እና የአበበ እግር

ደቻቱ ወንዝ ነው ወይስ ሜዳ ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ፣ የድሬዳዋ ሰው መልሱ «እንደ ወሩ ነው» የሚል ነው። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ውሃ አይወርድበትም። ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ተነጥፎበት ሰውም ከብትም እንደ ጎዳና ይመላለስበታል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስና ድሬዳዋ ስትቆረቆር፣ ከዚራ በወዲህ መጋላ በወዲያ ሆነው የቀሩት ይህ አሸዋ በመካከላቸው ስለ ተዘረጋ ነው። ከተማችን በሯጭ ስሟ የገነነ አይደለም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት፣ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አንድ ምድብ ያስተናገደች የኳስ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ፀሐይ ሳትበረታ ማልዶ ወደ ደቻቱ የወረደ ሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው በአሸዋው ላይ የሚሮጡ ልጆች አያጣም።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ እያነከሰ ወደ ኋላ ሲቀር ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። «ቻለው እንጂ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይሉታል። ልጁም ይችለዋል። ማታ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ወደ ወጌሻ ቤት ይወስዱታል። ወጌሻው አሽቶ፣ በሻሽ ጠምጥሞ፣ «ለሳምንት እንዳትረግጠው» ብሎ ይሰደዋል። በሦስተኛው ቀን ልጁ አሸዋው ላይ ነው።

ይህን «ቻለው» የሚል ቃል ልብ በሉልኝ። የሩጫ ታሪካችንን ስናወራም ስንጽፍም በዚሁ ቃል ነው። ቋንቋችንም ያግዘናል፤ መቻል መታገሥም ነው፣ ማወቅም ነው። «ቻለው» እና «ችሎታ» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው። እኔ ግን የሯጮቻችንን ታሪክ ደጋግሜ ባነበብሁ ቁጥር እነዚህ ሁለት ትርጉሞች በአንድ ሰው እግር ላይ ሲጣሉ አያለሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ጠብ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ሁሉም የሚያውቀውን ላስቀድም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ። በሮም የኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ተፈጸመ። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲገሠግሥ ቆይቶ፣ በዚያን ዘመን የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ከነበረው አደባባይ አካባቢ ትቶት ሄደ። ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ይል ነበር። በእግሩ ላይ ጫማ አልነበረም።

ስለዚህ ባዶ እግር የተባለው ብዙ ነው። ግማሹ የድህነታችን ምልክት አደረገው፤ ግማሹ የጀግንነታችን። ነገሩ ግን ከሁለቱም ያነሰ፣ ከሁለቱም የበለጠም ይመስለኛል። አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም። ለውድድሩ የታሰበው አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተመቸውም። በልምምድ ጊዜም በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ሰው ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ለሚፈጅ ሩጫ የማይመች ጫማ ምን እንደሚያመጣ እግሩ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ይፈገፍጋል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ሯጩ የቆሰለውን ቦታ ለማሳረፍ አረጋገጡን ያጣምማል፣ በመጨረሻም ሕመሙ ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ዳሌ ይወጣል። አበበና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የመረጡት እግሩ የሚያውቀውን ነው። እኔ ይህን የሙያ ውሳኔ ብዬ አነብበዋለሁ። የዚያ ምሽት «ችሎታ» ከ«ቻለው» ጋር ገና አልተጣላም ነበር።

ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ምዕራባውያን ይህን ፎቶግራፍ እንደ አዲስ አገኙት። በ2001 ዓ.ም. ክሪስቶፈር ማክዱጋል የተባለ አሜሪካዊ ስለ ሜክሲኮ የታራሁማራ ሯጮች መጽሐፍ ጻፈና መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ፊት ወይም በመካከለኛው ክፍል ያርፋል፤ ወፍራም ጫማ የለመደው በተረከዙ ያርፋል፤ በተረከዝ በሚያርፈው ሰው ላይ መሬቱ መልሶ የሚመታው ምት ድንገተኛና ኃይለኛ ነው የሚል። ግኝቱ ጥሩ ነበር፤ ገበያው ግን ከግኝቱ ቀድሞ ሮጠ። ባለ አምስት ጣት ጫማ ተሠራ። በየከተማው መናፈሻ ጫማውን የወረወረ ሰው በዛ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእግር አጥንቱ የተሰነጠቀ፣ የተረከዝ ጅማቱ ያበጠ ሰውም አብሮ በዛ። ጫማውን የሚሠራው ቪብራም ኩባንያ ስለ ጤና ጥቅሙ ባወጣው ማስታወቂያ ተከስሶ፣ በ2006 ዓ.ም. 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በመካከሉ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ ካሉ ደሰነቾች ዘንድ ሄዱ (ደሰነቾች በእኛም በኩል በኦሞ ወንዝ አፍ ይኖራሉ)። በባዶ እግር ያደገው ይህ ሕዝብ በዝግታ ረጅም መንገድ ሲሮጥ አብዛኛው በተረከዙ እንደሚያርፍ አዩ። ፍጥነት ሲጨምር ብቻ አረጋገጡ ይለወጣል።

ከአበበ ፎቶግራፍ ሕግ ለማውጣት የቸኮሉት ሌላም ነገር ረስተዋል። አበበ ራሱ በአራተኛው ዓመት ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ከሮሙም በ3 ደቂቃ ያህል ፈጠነ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ክርክር ለተራ ሯጭ የሚተርፈው ምንድን ነው? ለእኔ የተረፈኝ ጥቂት ነው፤ እሱንም የማስረዳው በደቻቱ አሸዋ ነው። ደረቅና ልል አሸዋ ምቱን ይውጣል፤ ቅልጥምና ጉልበት ያርፋሉ። ነገር ግን ተረከዝ በአሸዋው ውስጥ ስለሚሰጥም ባትና የተረከዝ ጅማት ከልማዳቸው በላይ ይሳባሉ፤ ቁርጭምጭሚትም ይዋልላል። አንዱን ያሳረፈ መሬት ሌላውን ያደክማል። ስለዚህ አሸዋ ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ይራመድበት፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ዱብ ዱብ ይበልበት፣ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ መሬት ይፈልግ። ወንዙ ዳርና ዳሩ ዘመም ያለ ነውና በአንድ ወገን ብቻ የሮጠ ሰው አንዱን እግሩን ያስረዘመ ያህል ይሆናል፤ ሲመለስ በሌላው ወገን ይምጣ። ጎርፍ አምጥቶ የቀበረው የጠርሙስ ስባሪም አለና፣ በባዶ እግር የሚሮጥ ዓይኑን ከመሬት አያንሣ።

አረጋገጥን በተመለከተ፣ ዋናው ነገር በተረከዝ ነው ወይስ በጣት የሚለው አይመስለኝም። እግር የሚያርፈው ከሰውነት ፊት ርቆ ነው ወይስ ከሰውነት ሥር? ርቆ የተወረወረ እግር ልጓም ነው፤ በየእርምጃው ሯጩን ያቆመዋል፣ ምቱንም ጉልበት ይቀበላል። እርምጃን አሳጥሮ ማፍጠን ይህን ይቀንሳል። ጃክ ዳንኤልስ የሚባል አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ1976ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሯጮችን እርምጃ ሲቆጥር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በደቂቃ 180 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይረግጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብር ሲቆጥር የሚውል እንደ እኔ ያለ የባንክ ሠራተኛ ማለዳም እርምጃ ለመቁጠር አይቸገርም፤ የ15 ሰከንዱን ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነው። ሆኖም 180 ለሁሉም የተጻፈ ሕግ አይደለም። ረጅም ሰው ያንሰዋል፤ በዝግታ የሚሮጥም ያንሰዋል። ማንም ከራሱ ልማድ ከመቶ አምስት ያህል ቢጨምር ጉልበቱ ልዩነቱን ያውቀዋል። ከዚህ የተረፈው ትከሻን መልቀቅ፣ ጡጫን አለመጨበጥ፣ ትንፋሽን ማዳመጥ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ወደ አበበ ልመለስ፤ ጠቡ የሚጀመረው እዚህ ነውና።

መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አወጡለት። የቶኪዮ ማራቶን የሚካሄደው ጥቅምት 11 ነበር፤ 5 ሳምንት ብቻ። በዚያ ቀን አበበ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዝል ሂትሊ የገባው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። አበበ መስመሩን አልፎ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምንናገረው «ቁስሉን ችሎ አሸነፈ» ብለን ነው። እኔ ሌላ ነገር እጠረጥራለሁ። ያ ቀዶ ሕክምና አንድ ታላቅ ሯጭን ከውድድር በፊት በግድ አሳርፎታል። ዛሬ ማንኛውም የማራቶን አሠልጣኝ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልምምዱን ያቀንሳል፤ የደከመ ጅማት የሚጠገነው በዕረፍት ነውና። አበበን ያሳረፈው የሐኪም ቢላዋ ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን «ቻለው» ከሚለው ትርጓሜ ይልቅ ከሰዓቱ ጋር ይስማማል።

በቶኪዮ ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ወታደር ኮኪቺ ጹቡራያ ነው። ሁለተኛ ሆኖ ወደ ስታዲየሙ ገባና በአገሩ ሕዝብ ፊት በመጨረሻው ዙር ሂትሊ ቀደመው። ከዚያ በኋላ ስለ ሜክሲኮ ብቻ እያሰበ ኖረ። ጀርባው ታመመ፣ ጅማቱ ታመመ፣ ሆስፒታል ተኛ፣ ወጣ። እግሩ የድሮውን አልመለሰለትም። በ1960 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ ከሜክሲኮ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ፣ ከእንግዲህ ለመሮጥ እጅግ እንደ ደከመው ለወላጆቹ ጽፎ በገዛ እጁ ሕይወቱን አሳለፈ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። «ቻለው» የእኛ ቃል ብቻ አይደለም።

አበበም በዚያው ዘመን እግሩ መናገር ጀምሯል። በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔን ዛራውትስ በሩጫ ላይ ሳለ ጅማቱ ተጎዳና ውድድሩን አቋረጠ። ከዚያ ጉዳት በኋላ የቀድሞው አበበ ተመልሶ አልመጣም። ለሜክሲኮ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ግራ እግሩን ያመው ጀመር። ሐኪሞች ሲመረምሩት ከቅልጥሙ ጎን ያለችው ቀጭን አጥንት ተሰንጥቃለች። እስከ ውድድሩ ቀን እግሩን እንዳይረግጥበት መከሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አጥንት በድንጋይ ተመትቶ ሲሰበር ሁላችንም እናውቀዋለን። በሩጫ የሚሰነጠቀው አጥንት ግን እንዲህ ድንገት አይደለም። በየቀኑ ምት ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፤ በዕረፍት ይጠገናል፤ ጉዳቱ ከጥገናው ሲቀድም አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ይህን ለማስረዳት የድሬዳዋ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ምንም እንኳ ምሳሌው ለእኛ የሚያም ቢሆን። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ደቻቱ መጣ። በበላይ በደጋው ዘንቦ የተጠራቀመው ውሃ ሰው በተኛበት በሌሊት ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቱ ከነቤተሰቡ የሄደ ብዙ ነው። ያ አሸዋ በዋዜማው ደረቅ ሜዳ ነበር። የሟቾቹን ስም በማክበር ይህን ያህል ብቻ እላለሁ፦ እዚህ የሚኖር ሰው፣ ዝም ያለ ነገር ሁሉ ደህና ነው ብሎ አያምንም፤ ወደ ደጋው ቀና ብሎ ደመናውን ያያል። የሯጭ ደጋው ያለፉት ሳምንታት ናቸው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የሚቆነጥጠው ተረከዝ፣ በአንድ ጣት ሲጫኑት ለይቶ የሚያም የቅልጥም ነጥብ፣ ሲሞቅ የሚጠፋና ሲበርድ የሚመለስ ሕመም፤ ደመናው ይኸው ነው።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ተሰልፎ ተነሣ። አገሪቱ በሙሉ ሦስተኛውን ወርቅ ትጠብቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር በሆነችው ሜክሲኮ ሲቲ አየሩ ስስ ነው፤ ይህ ለእኛ ሰዎች የሚያግዝ እንጂ የሚያውክ አልነበረም። የአበበ ሳንባ ለመንገዱ በቂ ነበር። 16ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እግሩ እንቢ አለ። አደራውን ለማሞ ወልዴ አስረክቦ ከመንገዱ እንደ ወጣ ማሞ ራሱ በኋላ ዘመን ተርኮታል። ማሞ ከሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር ብር ያገኘ ሰው ነው። 36 ዓመቱ ነበር። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ አመጣው።

ይህን ውድድር በመጻሕፍቶቻችን ስናነብ ማሞ ይወደሳል፣ አበበም «እስከ ቻለው ድረስ ሮጠ» ተብሎ ይታለፋል። ለምን ተሰለፈ ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። እኔ ብጠይቅም አበበን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ወታደር፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ ስሙ ከባንዲራው ጋር የተሰፋ ሰው፣ «እግሬን ያመኛል፣ አልሮጥም» የሚልበት ቋንቋ በዚያን ዘመን ነበረው ወይ? ከመነሻው መስመር በፊት ማቆም ፍርሃት ይባል ነበር። 16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማቆም ግን ጀግንነት ተባለ። ለተሰነጠቀችው አጥንት ያለው ልዩነት 16 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ አበበ በቮልስዋገን መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የእኔን ክርክር ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ አላልፈውም። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደና፣ መሙ ከመጠን በላይ ደረቅ በመሆኑ እግሩ ስለ ቆሰለ ከ5 ሺህ ሜትሩ ቀረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር፤ ሁለተኛ ወርቅ እጃችን ውስጥ ነበር እየተባለ። በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ግን የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ተሰልፎ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ 9 መቶኛ ቀደመው። እነሆ «ቻለው» አሸነፈ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አሸንፏል። ከዚያ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ያው ጅማት ልምምድ አቋርጦበት መጣ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ሲጠብቁት ያየ ሰው ያን ማታ አይረሳውም። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ታላቁን ሰዓቱን፣ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ፣ ያስመዘገበው መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በ35 ዓመቱ፣ የመሙን ሹል ጫማ ትቶ ጎዳና ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ሲድኒ የተከፈለበትን ዋጋ ሳይነግሩ ሲድኒን ብቻ ለልጅ መንገር፣ የብድሩን ገንዘብ አሳይቶ ወለዱን መደበቅ ይመስለኛል። (ሙያዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ።)

አስተውሎ መሮጥ ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው ደግሞ ጠዋት እንጦጦ ይውጣ። ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ አዲስ አበባ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ኖሮ በ2013 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሟል። በጫካው ውስጥ ሯጮቹ በሰልፍ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በቀጥታ ሳይሆን በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዳንድ ቀንም ከመራመድ ባልተሻለ ዝግታ ሲሮጡ ያየው ይደንቀዋል። «ኮንዲሽን» የሚሉትን ነገር እንደ እሳት ይጠብቁታል፤ በአንድ ቀን እብደት የሚጠፋ፣ በብዙ ቀን ትዕግሥት የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ቀን ለስላሳ የጫካ አፈር፣ አንድ ቀን ኮረኮንች፣ አንድ ቀን አስፋልት። የመሬቱን ጠባይ መርጦ እግርን ማሳረፍ ከእነርሱ ዘንድ የዕለት ሥራ ነው። የቡድኑን እግር የሚያሸውንም ሰው በክለቦቻችን እስካሁን የምንጠራው በጥንቱ ስሙ «ወጌሻ» ብለን ነው። ዕውቀቱ በእጃችን ነበረ፤ በተረካችን ውስጥ ነው ቦታ ያጣው።

ትዕግሥት አሰፋ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ጉዳት ከመም አስወጥቶ ወደ ጎዳና አመጣት። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ በወቅቱ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች። እግሯ ላይ የነበረው አዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ነው። ከሮም ባዶ እግር እስከዚህ ጫማ 63 ዓመት ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ፓሪስ ላይ የሆነውን ግን ከክብረ ወሰኑ ይልቅ እወደዋለሁ። ሲሳይ ለማ በሚያዝያ ወር የቦስተንን ማራቶን አሸንፎ በኦሊምፒክ ቡድኑ ውስጥ ተመርጦ ነበር። ልምምድ ላይ እግሩ ተጎዳ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። በሜክሲኮ በ16ኛው ኪሎ ሜትር የተላለፈው አደራ ፓሪስ ላይ ከመነሻው መስመር በፊት ተላለፈ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ዳገት የበዛበትን መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ወርቅ ነው። ካሸነፈም በኋላ ታምራት ሲሳይን በስሙ ጠርቶ አመሰገነው።